ለሳነቴና ለሐረና መንገድ ማንዋል ይሻላል ወይስ ኦቶማቲክ?

ጥያቄ፦ ከባሌ ሮቤ

የምኖረው ባሌ ሮቤ ነው፤ ሥራዬም በሐረና ጫካ ዙሪያ ካሉ አርሶ አደሮች ቡናና ማር እየገዛሁ ወደ አዲስ አበባ ማቅረብ ነው። እስካሁን በኪራይ መኪና ስሠራ ቆይቼ አሁን የራሴን ፎር ዊል ድራይቭ ለመግዛት ወስኛለሁ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ምርጫው እዚሁ ባሉት ያገለገሉ መኪኖች ላይ የተወሰነ በመሆኑ፣ በአቅሜ ያገኘኋቸው ሁለት ናቸው። አንደኛዋ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያላት፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ 3.0 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሞተር ያላት ኦቶማቲክ ፕራዶ ነች።

መንገዴ ከሮቤ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ወጥቶ፣ በሪራ አድርጎ፣ የሐረናን ጫካ እየሰነጠቀ እስከ ደሎ መና ይወርዳል። አምባው ላይ መንገዱ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ረጅምና ጠመዝማዛ ሲሆን፣ በዝናብ ወራት ጫካው ውስጥ የሚያጋጥመው ጭቃ መኪና ያስቀራል። ከዋናው መንገድ ወጥቼ ወደ ገበሬዎቹ መንደር የምገባባቸው መንገዶችማ ከዚህም የባሱ ናቸው። ከአዲስ አበባም አልቀርም፤ እዚያ ደግሞ ፈተናው ጭቃ ሳይሆን የመኪና መጨናነቅ ነው። መኪናዋን የምንነዳው እኔና የወንድሜ ልጅ ስንሆን፣ እሱ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ብዙ አልቆየም።

የጠየቅኋቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለዋል። ትልልቆቹ ሾፌሮች «ኦቶማቲክ የአስፋልት ነው፤ ጫካ ይዘሽው ከገባሽ እዚያው ትቀሪያለሽ» ይሉኛል፤ የወንድሜ ልጅ ደግሞ ማንዋል ጊዜው ያለፈበት ነው ባይ ነው። የማንንም ምክር ንቄ ሳይሆን ምክንያቱን ማወቅ ስለምፈልግ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። በዳገትና በጭቃ፣ በረጅም ቁልቁለት፣ እንዲሁም ብልሽት ሲመጣ በጥገና በኩል የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው?

ምላሽ፦ ከአዲስ አበባ፣ መካኒክ

እኅቴ፣ ጥያቄዎ በሚገባ የቀረበ ቢሆንም አንድ ነገር ተለይቶ መቀመጥ አለበት። እርስዎ ያነጻጸሩት ሁለት መኪኖችን እንጂ ሁለት ካምቢዮዎችን (የማርሽ ሳጥኖችን) አይደለም። የሃርድቶፗ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ የሚስበው አየር በዙሪያው ያለውን ያህል ብቻ ነው። በ4000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ያ ሞተር ሳነቴ ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋውም ለዚሁ ነው፤ የሚረጨው ናፍጣ ሳይቀንስ አየሩ ያንሰዋል። ፕራዶዋ ግን ቱርቦዋ ተጨማሪ አየር ስለሚጨምቅላት ጉድለቱን በአብዛኛው ትሞላዋለች። እንግዲህ ፕራዶዋ ዳገቱን በቀላሉ ስትወጣ ቢያዩ፣ ምስጋናውን ሁሉ ለኦቶማቲኩ እንዳይሰጡት።

ወደ ካምቢዮው ስንመለስ፣ በማንዋል መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ቡና የጫነች መኪና ዳገት ላይ ቆማ ስትነሣ፣ ነጂው ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ ነዳጅ ሲሰጥ ሸራው እየተፋተገ ይግላል። ሞተሩ በከፍታው ምክንያት ከደከመ ደግሞ ነጂው አብዝቶ ያስጮኸዋል፤ ሸራው የባሰ ይቃጠላል። ሎው (የፎር ዊል ድራይቩን ዝቅተኛ ማርሽ) ሳያስገቡ በዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ደጋግመው የሚነሡ ሰዎች ሸራ በወራት ውስጥ ሲጨርሱ አያለሁ፤ ሎው የማርሹን ጉልበት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚያደርሰው፣ ያው መኪና በሎው ቢነሣ ሸራው እምብዛም ሳይፋተግ ይይዛል።

በኦቶማቲክ ይህን ሥራ የሚሠራው በዘይት የተሞላው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። መኪናዋ ገና ሳትንቀሳቀስ ሞተሩ ሲዞር፣ የሞተሩን ጉልበት እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ አብዝቶ ለካምቢዮው ያስተላልፋል፤ ከመሬት በምትነሣበት ቅጽበት የሚፋተግ ሸራ የለም፤ ሞተሩም አይጠፋም። አምራቾቹ ራሳቸው ወደዚህ ማዘንበላቸውን ለማየት የሃይሉክስን ምሳሌ ልጥቀስ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ባለ 2.8 ሊትር ሞተር ሞዴል ኦቶማቲኩ 500 ኒውተን ሜትር ጉልበት ሲሰጠው፣ ማንዋሉ በ420 ተወስኗል።

ኦቶማቲኩ ለዚህ ሁሉ የሚያስከፍለው በሙቀት ነው። በኮንቨርተሩ ውስጥ በዘይቱ መንሸራተት የሚባክነው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ያ ዘይት የሚቀዘቅዘው ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች በራዲያተሩ በኩል በሚያልፍ ቱቦ ነው። ስለዚህ ጭቃ የደፈነው ወይም ውስጡ የቆሸሸ ራዲያተር ያለው ኦቶማቲክ፣ የሞተሩ ሙቀት ደኅና መስሎ ሳለ ካምቢዮው ሊጎዳ ይችላል።

በጥገና በኩል የትልልቆቹ ሾፌሮች ሥጋት መሠረት አለው። የሃርድቶፗ ፍሪሲዮን ቢያልቅ ሙሉ ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ካምቢዮ አውርዶ የሚቀይር መካኒክም ሮቤ ውስጥ አይጠፋም። ኦቶማቲክ ውስጡ ከተበላሸ ግን እዚያ የሚፈታው ሰው ማግኘትዎን እጠራጠራለሁ፤ መኪናዋ ተጭና አዲስ አበባ ትመጣለች ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው በቀላል እንክብካቤ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ነው። የዚያች ፕራዶ ካምቢዮ እንደ ድሮዎቹ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ መጠኑ የሚታወቀው ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከታች ያለው መፈተሻ ቡሎን ተፈትቶ ነው። ዘይቱም ደብልዩ ኤስ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ጋራዥ ያገኘውን ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሞላባት ፕራዶ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር፤ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ሳደርገው እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ የካምቢዮው ዘይት ጎድጓዳ ሥር ያለው ማግኔትም በብረት ብናኝ ተሸፍኖ ነበር። ጥፋቱ የካምቢዮው አልነበረም።

ምላሽ፦ ከጎባ፣ የመስክ አሽከርካሪ

መካኒኩ ወንድማችን ስለ ዳገቱ ያለውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሳነቴን የሚያውቅ ሰው ከዳገቱ ይልቅ የሚፈራው ከሪራ በታች ያለውን ቁልቁለት ነው። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ሃርድቶፕ ይዤ በዚያ መስመር ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ፤ እስከ ዛሬም ለዚያ ቁልቁለት ማንዋልን የሚያህል አላየሁም።

በማንዋል ሎው አስገብተው፣ ሁለተኛ ወይም አንደኛ ማርሽ ይዘው፣ እግርዎን ከፍሪሲዮኑ ካነሡ በኋላ ሞተሩና ጎማው ያለ ምንም መንሸራተት የተያያዙ ስለሆኑ፣ መኪናዋን የሚይዛት ሞተሩ ነው። ፍሬን የሚያስፈልገው ኩርባው ሲጠብ ብቻ ነው። ጭቃ ላይ ደግሞ ይህ ነፍስ ያድናል፤ ፍሬን ተረግጦ ጎማ ሲቆለፍ መሪው አይታዘዝም፤ በሞተር ሲያዝ ግን ጎማው በዝግታ እየዞረ መንገዱን አይለቅም።

በኦቶማቲክ የሚደርሰውን ችግር ያየሁት በአብዛኛው ማርሹን ዲ ላይ ትተው በሚወርዱ ሰዎች ላይ ነው። ዲ ላይ ካምቢዮው ነጂው ነዳጅ እንዳልሰጠ ሲያውቅ ወደ ትልቁ ማርሽ ይሄዳል፤ መኪናዋ ትፈጥናለች፤ ሰውየው ፍሬኑን ይረግጣል፤ ከጥቂት ኩርባ በኋላ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል። ጫካው ውስጥ መኪና አቁመው ጎማ ላይ ውኃ ሲያፈስሱ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ታሪካቸው ይኸው ነው። በነገራችን ላይ የጋለ ፍሬን ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ያጣምመዋልና፣ ይቅር፤ ቆሞ ማብረድ ይበቃል።

ፕራዶዋን ከገዙ ሎው ከማስገባትዎ በላይ ማርሹን በእጅ መያዝ ይልመዱ። እንደ ሞዴሉ ኤል ወይም ኤስ የሚል ቦታ አለው፤ እዚያ ወስደው 1 ወይም 2 ላይ ያጽኑት። ቢሆንም በኮንቨርተሩ መንሸራተት ምክንያት የመያዝ ኃይሉ ከማንዋሉ ያንሳል፤ ፍሬኑን እያረፉ ደጋግሞ መንካት ይጠይቃል። በአንዳንዶቹ ፕራዶዎች ላይ ያለው የቁልቁለት መቆጣጠሪያ ቁልፍም መኪናዋን የሚይዘው በዋናነት በፍሬን መሆኑን አይርሱ፤ ለአጭርና ቀጥ ላለ ቁልቁለት ሸጋ ነው፤ ለሐረና ሙሉ ቁልቁለት ግን ብቻውን አይታመንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪ ሲደክም ማንዋሏን ቁልቁል ለቀው ወይም ሰው ገፍቶላት ትነሣለች፤ ኦቶማቲኳ አትነሣም። ከደሎ መና ወደ ላይ ስልክ የማይይዝበት ቦታ እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ። ኦቶማቲክ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዋ መሬት ላይ እየዞረ ረጅም መንገድ ቢጎተት፣ የካምቢዮውን ዘይት የሚያዞረው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለ ዘይት ሲዞር ይቃጠላል። በእኔ እምነት ብቻዋን ጫካ ለምትገባ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለወንድም ቢሆን።

ምላሽ፦ ከሰመራ፣ የጉብኝት መኪና አሽከርካሪ

እኔ የምሠራው ከባሌ ተቃራኒ በሆነ ቦታ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች በሆነው በዳናክል ዝቅተኛ ቦታ፣ በሐመድ ኤላና በኤርታሌ መስመር። ሁለቱንም ዓይነት መኪና ስለነዳሁ፣ የጎባው ወንድሜ ለማንዋል የሰጠው ፍቅር በሙሉ ልቤ ባይገባኝ ቅር እንዳይለው።

አሸዋ ላይ ትልቁ ነገር ግስጋሴን አለማቋረጥ ነው። ማንዋል ነጂ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ጉልበቱ ለአፍታ ይቋረጣል፤ አሸዋው ደግሞ ለዚያች አፍታ አይታገሥም፤ ጎማው ይሰምጣል። ኦቶማቲክ ጉልበቱን ሳያቋርጥ ማርሽ ይቀይራል። የኤርታሌ የቀዘቀዘ ቅልጥ ድንጋይ ላይ በሰው እርምጃ ፍጥነት ስንሄድም እንዲሁ ነው፤ ጎማው አንድ ድንጋይ ጫፍ ላይ ወጥቶ ለመውረድ ሲል፣ ኦቶማቲክ በግራ እግር ፍሬኑን ቀስ አድርጎ እየያዙ በቀኝ እግር ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ፣ ጎማውን እንደ እጅ ማሳረፍ ይቻላል። በማንዋል ይህን የሚያደርግ ሰው ሦስት ፔዳል በሁለት እግር ያስተዳድራል፤ ልምድ ያለው ይችለዋል፤ አዲስ ነጂ ግን ወይ ሞተር ያጠፋል፣ ወይ ፍሪሲዮን ላይ ተንጠልጥሎ ሸራ ይፈጃል። የእኅታችን የወንድም ልጅ የቅርብ ነጂ መሆኑን ሳነብ ትኩረቴን የሳበው ይህ ነው።

መካኒኩ ስለ ሙቀት የተናገረውን ግን በሁለት እጄ እደግፋለሁ። እኛ ዘንድ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ሎው ሳያስገባ በለስላሳ አሸዋ የሚታገል ኦቶማቲክ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራቱን ለማብራት ብዙ አይፈጅበትም። መብራቱ ሲበራ ሞተሩን ማጥፋት አይገባም፤ ፒ ላይ አድርጎ ሞተሩን እያሠሩ መጠበቅ ነው፤ ዘይቱን እያዞረ የሚያቀዘቅዘው የሚሠራው ሞተር ነውና። ጎማ ማስተንፈስም ከማርሽ ምርጫ ያላነሰ ይረዳል፤ ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅ ያለ ጎማ መኪናዋን ስለሚያሳልፋት ካምቢዮው እምብዛም አይደክምም። ጭቃ ላይ እንዲህ ማውረድ አልመክርም፤ እዚያ ውስጡ የተደበቀው ድንጋይ የጎማውን ጎን ይቆርጣል።

ቅዝቃዜው በሰፈነበት ሳነቴ ላይ ሙቀት ያን ያህል የሚያሰጋ አይመስለኝም፤ ስለዚህ በእኔ ሚዛን ለእኅታችን ፕራዶዋ ታመዝናለች። አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ጉልበትም መታሰብ አለበት።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጎባው ወንድሜ ስለ ቁልቁለቱ የጻፈው እኔ በዓይኔ ያየሁትን ስለሆነ በጣም ጠቅሞኛል፤ ማርሹን በእጅ የመያዙን ነገር ኪራይ መኪና የሚነዱልኝ ሰዎች አንድም ቀን ሲያደርጉት አላየሁም። ሁለት ነገሮች ግን አሁንም ይቀሩኛል። አንደኛው፣ ማንዋሏን ብገዛና የወንድሜ ልጅ ዳገት መሐል ሞተር ቢያጠፋ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው፤ ባለፈው ዓመት አንድ ፒክአፕ እንዲሁ ሆኖ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ ከኋላው ነበርሁ። ሁለተኛው፣ ሁለቱን መኪኖች ስፈትሽ ካምቢዮዎቻቸውን በምን ልለይ?

ምላሽ፦ ከጎባ፣ የመስክ አሽከርካሪ

ያ ፒክአፕ የሆነው ነገር ከሞላ ጎደል ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ነጂው ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሊያስነሣ ሞክሯል፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ደግሞ መኪናዋን የሚይዛት ፍሬን ብቻ ነው፤ ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጎ አንድ ጊዜ መርገጥ፣ ሳይለቁም የእጅ ፍሬኑን መሳብ። ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ የኋላ ማርሽ ማስገባት፣ መኪናዋም ሎው ላይ መሆኗን ማረጋገጥ። አሁን እግርን ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አንሥቶ፣ ፍሬኖቹን ቀስ በቀስ በመልቀቅ መኪናዋ በማርሹ እንድትያዝ ማድረግ፤ በመጨረሻም ፍሪሲዮን ሳይነኩ ቁልፉን ማዞር። ሞተሪኖው (የሞተሩ ማስነሻ) መኪናዋን ራሱ ይገፋታል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ በኋላ ማርሽ እንደ ኤሊ እየተጎተተች ወደ ተነሡበት ቦታ ትመለሳለች። አሮጌዎቹ ሃርድቶፖች ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ይነሣሉ፤ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አልነሣም የሚሉ አዳዲስ ማንዋሎች ባሉበት ደግሞ ይህን የሚያልፍ ቁልፍ ዳሽቦርዱ ላይ ያለባቸው አሉ። ልጁን መጀመሪያ ደረቅ በሆነና አደጋ በሌለው አጭር ዳገት ላይ አለማምዱት።

ሃርድቶፗን ከመረጡ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ ሃብ አይርሱ፤ ካልተቆለፈ የፊት ጎማዎቹ አይጎትቱም። በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ጭቃው ሳይጀመር ወርዶ መቆለፍ ይገባል፤ ከሰመጡ በኋላ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ሃብ መፈለግ ይመጣል። ፕራዶዋ በአራቱም ጎማ ሁልጊዜ ስለምትጎትት ይህ ሥራ የለባትም፤ ጭቃው ሲጠና ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የመሐል ዲፈረንሻል መቆለፍ ብቻ ነው።

ምላሽ፦ ከአዲስ አበባ፣ መካኒክ

በማንዋሏ እንጀምር። ደልዳላ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬን ስበው፣ እግር ፍሬኑንም ረግጠው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ይይዛል፤ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል ማለት ነው። ደጋግመው አይሞክሩት፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ እየነዱ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ፈጠን አድርገው ሲቀንሱ የማርሽ መፋጨት ካለ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ማርሹ ራሱን ካስወጣ፣ የካምቢዮው ውስጥ ተበልቷል።

ኦቶማቲኳን በቀዝቃዛውም በሞቀውም ሊያዩአት ይገባል። በቀዝቃዛው ፍሬን ረግጠው ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ ሲቀይሩ ማርሹ ሲገባ በትንሹ ይሰማዎታል፤ ለመግባት ሁለት ሦስት ሴኮንድ ካስጠበቀ ወይም በመዶሻ የተመታ ያህል ከደነገጠ ጤነኛ አይደለም። ከሞቀ በኋላ አስፋልት ላይ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ ነዳጁን አንድ ቦታ ይዘው ሲሄዱ መኪናዋ ድንጋያማ መንገድ ላይ ያለች ይመስል የምትርገበገብ ከሆነ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መቆለፊያ ነው። ሎው ማስገባትና ማውጣትም ይሞክሩ፤ ከተማ ውስጥ ብቻ የኖረች ፕራዶ ሎውዋ ሳይነካ ዓመታት አልፈውት አልገባም ሊል ይችላል። በመጨረሻ ጋራዥ ወስደው የካምቢዮውን ዘይት ጠብታ ያስወጡ፤ ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፤ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይግዟት። በሁለቱም መኪኖች ላይ የዲፈረንሻሉንም ዘይት በዚያው ያሳዩ፤ ወንዝ ያቋረጠች መኪና ውኃ የምታስገባው በመጀመሪያ እዚያ ነው።

ሻጩ መኪናዋን ቀድሞ አስነሥቶ፣ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት ደግሞ በትሕትና አመስግነው ለሌላ ቀን ጠዋት ይቅጠሩት።